የተሸለመው አምፖል ለምን ከገበያ ጠፋ? የመብራት ፈጠራ ውድድሮችና መመዘኛቸው

ለአዲስ ዓይነት መብራት ዲዛይን የሚዘጋጁ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ጥቂት አይደሉም። ጥሪዎቻቸው በኢንተርኔት አማካይነት በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም፣ በጅማም ለሚገኙ የምህንድስና፣ የሥነ ሕንጻና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ስለሚደርሱ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ስለነዚህ ውድድሮች የሚጻፈው ዜና ግን አብዛኛውን ጊዜ የሽልማቱን ገንዘብና የአሸናፊውን ስም ጠቅሶ ያበቃል። መብራቱ ከሽልማቱ በኋላ ምን እንደሆነ፣ ስንት ቤት እንደገባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ይበራ እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ እምነት የአንድን ውድድር ፍሬ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ውድድሩ ከመታወጁ በፊት የሚጻፈው መመዘኛ፣ እንዲሁም አሸናፊው ከታወቀ በኋላም የማያቋርጠው ፍተሻ። በመመዘኛው ውስጥ ያልተጻፈ ነገር፣ የቱንም ያህል ቢያስፈልግ፣ በተሸለመው መብራት ውስጥ የመገኘቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ10 ሚሊዮን ዶላሩ አምፖል

ለዚህ የተሟላ መዝገብ ያለው ምሳሌ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ያካሄደው «ኤል ፕራይዝ» የተባለው ውድድር ነው። መነሻው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ በዲሴምበር 2007 የፈረሙት የኢነርጂ ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ በቤቶች ውስጥ በብዛት የሚሠራበትን ባለ 60 ዋት ተራ (በሚግል ክር የሚያበራ) አምፖል በተሻለ ቴክኖሎጂ ለሚተካ የመጀመሪያ ተወዳዳሪ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲሸለም ያዝዛል። ውድድሩ በሜይ 2008 ተከፈተ። ተራው አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል በሙቀት መልክ የሚያባክን መሣሪያ ነው። ምትክ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ኤልኢዲ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብርሃን የሚያመነጭ ትንሽ ቺፕ) ደግሞ በዚያን ጊዜ የእጅ ባትሪና የትራፊክ መብራት ላይ በደንብ ይሠራ እንጂ፣ ሳሎን ለማብራት ገና የሚታመን አልነበረም።

ውድድሩን ከሌሎች የለየው የመመዘኛው ጥብቅነት ነው። ተወዳዳሪው አምፖል ከ900 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ ብርሃን እየሰጠ ከ10 ዋት ያልበለጠ ኃይል መውሰድ ነበረበት፤ ይህም ለእያንዳንዱ ዋት ቢያንስ 90 ሉመን ማለት ሲሆን፣ ተራው አምፖል ለአንድ ዋት ከሚሰጠው በስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ዕድሜው ከ25,000 ሰዓታት ማነስ አልነበረበትም። የብርሃኑ ቀለም ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ፣ ማለትም ዓይን ከለመደው የተራ አምፖል ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ጋር የተቀራረበ እንዲሆን ታዘዘ። የነገሮችን ቀለም በትክክል የማሳየት ብቃቱም ከ100 ነጥብ ቢያንስ 90 እንዲያገኝ ተጠየቀ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል፤ ለመሐንዲሶቹ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ሳይሆን አይቀርም። እኛ «ቆጣቢ አምፖል» የምንለው የፍሎረሰንት አምፖል በዚህ መለኪያ 80 አካባቢ ነው የሚያገኘው። በእሱ ብርሃን የበርበሬ ቅላት ሲደበዝዝ፣ የሰው ፊትም ሲገረጣ ያላየ የለም። ነጩ ኤልኢዲም የራሱ ችግር ነበረበት። ነጭ ብርሃን የሚገኘው ሰማያዊ ብርሃን የምታመነጭ ጥቃቅን ቺፕ ላይ ቢጫ የፎስፈር (የሰማያዊውን ብርሃን ከፊል ወደ ቢጫ የሚለውጥ ንጥረ ነገር) ሽፋን በመቀባት ሲሆን፣ ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ለዚሁ ሥራቸው በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ብርሃን ግን በቀይ በኩል ይጎድለዋል። ቀዩን ለማሟላት ሲሞከር የኃይል ብክነቱ ይጨምራል፤ ብክነቱን ለመቀነስ ሲሞከር ቀዩ ይጎድላል። ውድድሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በመጠየቁ አምራቾች አንዱን ለሌላው መሥዋዕት እንዳያደርጉ መንገዱን ዘጋባቸው።

የኔዘርላንዱ ኩባንያ ፊሊፕስ በሴፕቴምበር 2009 የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆኖ 2,000 አምፖሎችን በናሙናነት አስረከበ። ያቀረበው መፍትሔ ከሰማያዊዎቹ ኤልኢዲዎች ጋር ቀይ ኤልኢዲዎችን ማደባለቅና ፎስፈሩን ከቺፖቹ አርቆ በውጫዊው ሽፋን ላይ ማድረግ ነበር። ሚኒስቴሩ ወዲያው ሽልማቱን አልሰጠም። አምፖሎቹ በገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ተለኩ፤ በሙቀት፣ በእርጥበት፣ በንዝረትና በቮልቴጅ መዋዠቅ ተፈተኑ፤ ከኤሌክትሪክ አቅራቢ ድርጅቶች ጋር በመተባበርም በእውነተኛ ቤቶችና ሕንጻዎች ውስጥ ተተከሉ። 200 አምፖሎች ደግሞ የፓስፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በሠራው 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚሞቅ መሣሪያ ውስጥ ያለማቋረጥ እንዲበሩ ተደረገ። ፍተሻው 18 ወራት ያህል ከወሰደ በኋላ ኦገስት 3 ቀን 2011 ፊሊፕስ አሸናፊ መሆኑ ታወጀ። የተለካው ውጤት 9.7 ዋት፣ 910 ሉመንና 93 የቀለም ነጥብ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላም 200ዎቹ አምፖሎች አልጠፉም። ከ25,000 ሰዓታት በላይ በርተው ብርሃናቸው እምብዛም ሳይቀንስ ቀጠሉ። 25,000 ሰዓት ሦስት ዓመት ከማይሞላ ጊዜ ያልተቋረጠ ብርሃን ማለት ነው፤ በቀን አራት ሰዓት ብቻ በሚበራበት ቤት ደግሞ 17 ዓመት ይሆናል። ኤልኢዲ «ረጅም ዕድሜ አለው» የሚለው አባባል በዚያን ጊዜ በአብዛኛው በአምራቾች ስሌት ላይ የቆመ ስለነበር፣ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘና ለሁሉም ክፍት የሆነ የረጅም ጊዜ መረጃ መኖሩ ለመላው ኢንዱስትሪ መተማመኛ ሆነ።

መመዘኛው ያልያዘው ዋጋ

አምፖሉ በ2012 የመሬት ቀን በሚከበርበት በኤፕሪል ወር ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 50 ዶላር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ተራ አምፖል ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኝ ስለነበር፣ ለኪስ ተስማሚ የሆነ ምትክ ፍለጋ የተጀመረው ውድድር በዚህ ዋጋ መጠናቀቁ ብዙ ትችት አስነሣ። የሚገርመው ዋጋ ጨርሶ የተረሳ ነገር አለመሆኑ ነው። የውድድሩ ሰነድ አምፖሉ በመጀመሪያው ዓመት 22፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛው 8 ዶላር ይሆን ዘንድ ይጠቁማል። ነገር ግን ሉመኑ፣ ዋቱና የቀለሙ ነጥብ በግዴታነት ሲቀመጡ ዋጋው የተቀመጠው በምኞትነት ነው። አምራቹ ግዴታዎቹን ሁሉ አሟላ፤ ምኞቱን አላሟላም፤ ሽልማቱንም በሕጉ መሠረት ተቀበለ። ለዚህ አምራቹን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ የተጠየቀውን ሰጥቷልና።

በማርች 2013 ክሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለ 60 ዋቱን የሚተካ ሌላ አምፖል በ12.97 ዶላር ለገበያ አቀረበ። 9.5 ዋት ይወስዳል፤ 800 ሉመን ይሰጣል፤ የቀለም ነጥቡ 80 ነው። በኤል ፕራይዝ መመዘኛ ቢቀርብ ኖሮ በብርሃኑ መጠንም በቀለሙም ወዲያው ይወድቅ ነበር። በመልኩ ግን ገዢው የሚያውቀውን አምፖል ይመስላል፤ የተሸለመው ደግሞ ፎስፈሩ በሽፋኑ ላይ በመሆኑ ሲጠፋ ብርቱካናማ ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ይህም «ብርሃኑ ቢጫ ነው እንዴ?» የሚል ጥርጣሬ ያሳድር ነበር። ገበያው የተከተለው የክሪን መንገድ ነው። የተሸለመው አምፖልም ብዙ ሳይቆይ ከመደርደሪያ ወረደ።

ከዚህ ተነሥተው «10 ሚሊዮን ዶላሩ ባከነ» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው ብዬ አምናለሁ። ምርቱ አልዘለቀም። የፍተሻው ዘዴ፣ መረጃውና «ይህን ያህል ይቻላል» የሚለው ማረጋገጫ ግን ዘልቋል። ጥያቄው የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለየትኛው ነው የሚል ነው። እንደ እኔ አስተያየት አንድ አምራች ኩባንያ በራሱ ወጪ የማይሠራው ነገር ቢኖር የተፎካካሪዎቹን ጭምር ምርት የሚመዝን ግልጽ የረጅም ጊዜ ፍተሻ ነው፤ ስለዚህ ሽልማቱ ትርጉም የሚያገኘው ያንን ፍተሻ ይዞ ሲመጣ ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በ1764 የፓሪስ ፖሊስ ሹም የነበረው አንትዋን ደ ሳርቲን የከተማዋን ጎዳናዎች በሌሊት ለማብራት ለተሻለው ዘዴ በሳይንስ አካዳሚው በኩል 2,000 ሊቭር (የዚያን ዘመን የፈረንሳይ ገንዘብ) ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር። በ20ዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረው፣ በኋላ በኬሚስትሪ ስመ ጥር የሆነው አንትዋን ላቮይዚዬ የፋኖሶችን ቅርጽ፣ የክሮችንና የዘይቶችን ፍጆታ በዝርዝር የሚያነጻጽር ጥናት አቀረበና በ1766 ከንጉሡ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለ። ገንዘቡ ግን ለእሱ አልተሰጠም፤ በተግባር ለሚሠሩ ሌሎች ሦስት ተወዳዳሪዎች ተከፋፈለ። ዳኞቹ ሊቅነትንና በጎዳና ላይ የመሥራት ብቃትን ለያይተው መዝነዋል ማለት ነው፤ ዛሬም ብዙ ውድድሮች ይህን መለየት አልቻሉም።

በፎቶግራፍ የሚዳኝ መብራት

ኤል ፕራይዝን የመሰለ ፍተሻ የሚያካሂዱ ውድድሮች ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ ዳኝነታቸውን የሚሰጡት በኮምፒውተር የተሳለ ምስል፣ አጭር ቪዲዮና የአንድ ገጽ መግለጫ ተመልክተው ነው። ለጌጥ መብራት ወይም ለሙዚየም ለሚሠራ የጥበብ ሥራ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ውበት በዓይን የሚዳኝ ነገር ነውና። መብራቱ «ኤሌክትሪክ ለሌላቸው ሰዎች» ተብሎ ሲቀርብ ግን ምስል ብቻውን አያስተማምንም።

በ2012 መጨረሻ ለንደን ውስጥ በሚሠሩ ዲዛይነሮች የቀረበውን «ግራቪቲላይት» እንውሰድ። አሠራሩ ድንቅ ነው፤ 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን የድንጋይ ወይም የአሸዋ ከረጢት 1.8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ቀስ እያለ ሲወርድም ትንሽ ዲናሞ አዙሮ መብራት ያበራል። ባትሪም ፀሐይም አይፈልግም። ሐሳቡ በኢንተርኔት ከሕዝብ 400,000 ዶላር ገደማ ሰብስቧል። አሁን ስሌቱን እንሥራ። 12 ኪሎ ግራም በ1.8 ሜትር ከፍታ የሚይዘው ጉልበት 212 ጁል (የጉልበት መለኪያ) አካባቢ ነው። ይህ በ20 ደቂቃ ሲከፋፈል፣ ምንም ብክነት የለም ብንል እንኳ፣ 0.2 ዋት አይሞላም። ባለ አንድ ዋት የፀሐይ ፓነል በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ የሚሰበስበው ደግሞ 18,000 ጁል ነው። ከዚህ ውስጥ ሲሶው በባትሪውና በሽቦው ቢባክን የሚቀረው 12,000 ጁል ከረጢቱን ከ55 ጊዜ በላይ ከመስቀል ጋር እኩል ነው። በትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚሠራው ይህ ስሌት ትንሿ የሶላር መብራት ለምን አፍሪካን እንዳዳረሰችና ግራቪቲላይት ለምን በሙከራ አካባቢ እንደቀረ ያስረዳል። ዲዛይነሮቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ በኬንያ ገጠርም ሞክረውታል። ችግሩ ሐሳቡን ያደነቁት ሰዎች «በሌሊት ስንት ሰዓት፣ ስንት ሉመን?» ብለው ሳይጠይቁ ማድነቃቸው ነው።

በጨው ውኃ የሚበሩ መብራቶችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ፊሊፒንስ ውስጥ የተሠራው አንዱ በ2015 በማኒላ በተካሄደው የኤፔክ (የእስያና ፓስፊክ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር) ጉባኤ ሰሞን የዓለምን ዓይን ስቦ ነበር። ከዚያ በኋላም ሌሎች መጥተው ሽልማት ወስደዋል። ኃይሉ የሚመጣው ግን ከጨውም ከውኃም አይደለም። የሚመጣው በውስጡ ካለው የማግኒዥየም ዓይነት ብረት ሲሆን፣ ብረቱ ቀስ በቀስ እየተበላ ያልቃል፤ ጨዋማው ውኃ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ባለቤቱ በየጊዜው አዲስ ብረት መግዛት አለበት። ብረቱ ከየት ይመጣል፣ ዋጋው ስንት ነው፣ አሮጌው የት ይጣላል የሚሉት ጥያቄዎች በመመዘኛው ውስጥ ካልተጻፉ ዳኛው የሚያየው ባሕር ዳር የሚያበራ ውብ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ከሽልማት ወደ መስፈርት፦ ላይቲንግ አፍሪካ

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ልምድ ግን ሌላ ነው። የዓለም ባንክና የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2007 «ላይቲንግ አፍሪካ» የተባለ ፕሮግራም ጀመሩ፤ ዓላማውም ላምባ የሚያነዱ ቤተሰቦች በገበያ በኩል ዘመናዊ መብራት እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። መጀመሪያ ከያዟቸው መንገዶች አንዱ ውድድር ነበር። በሜይ 2008 በጋና ዋና ከተማ በአክራ በተካሄደው ውድድር 16 አሸናፊዎች እያንዳንዳቸው እስከ 200,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አገኙ። በኋላም የላቁ ምርቶች የሚሸለሙባቸው መድረኮች ተዘጋጁ።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን የፕሮግራሙ ሰዎች ዋናው ችግር የሐሳብ እጥረት አለመሆኑን ተረዱ። በኬንያና በሌሎችም አገሮች ገበያ ርካሽ የኤልኢዲ የእጅ ባትሪዎችና የሶላር መብራቶች ሞልተው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛሉ ወይም ይሞታሉ። በካርቶናቸው ላይ የተጻፈውና በእርግጥ የሚሰጡት አይገናኝም። አንድ ገበሬ የመኸሩን ገንዘብ አውጥቶ የገዛው መብራት ክረምት ሳይወጣ ሲበላሽበት የሚያጣው አምራቹን ማመን ብቻ አይደለም፤ ሶላር የሚባለውን ነገር በሙሉ ይጠላል፤ ጎረቤቶቹም ከእሱ ይማራሉ። እንዲህ በተበላሸ ገበያ ውስጥ ጥሩው ምርት ከመጥፎው ተለይቶ ሊታይ ስለማይችል፣ ለጥሩው ምርት የሚሰጥ ሽልማት ብቻውን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ትኩረቱ ወደ ፍተሻና መስፈርት ዞረ። በዚህ መንገድ የዳበረው የፍተሻ ዘዴ በ2013 የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ሰነድ ሆኖ ታተመ። ዝርዝሩን ላየው ሰው በገጠር ቤት ውስጥ መብራት ምን እንደሚደርስበት በሚያውቁ ሰዎች የተጻፈ መሆኑን ይረዳል። የእጅ መብራት ከአንድ ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ ይጣላል። ማብሪያ ማጥፊያው 1,000 ጊዜ ይጫናል። 2,000 ሰዓታት በርቶ ከመጀመሪያው ብርሃኑ ቢያንስ 85 ከመቶው እንዳለ ይለካል። በአንድ ቀን መደበኛ ፀሐይ ተሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚበራ ይመዘገባል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ ምርቱ ይወድቃል። ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ግዴታ ነው። ናሙናውን የሚመርጠው አምራቹ አይደለም፤ ከመጋዘን በዕጣ ይወሰዳል፤ ማረጋገጫ ካገኘ በኋላም ከገበያ እየተገዛ እንደገና ይፈተሻል። በ2020 ይህ ሥራ «ቬራሶል» ወደተባለ ተቋም ተሸጋግሯል።

እዚህ ላይ ሽልማት ጨርሶ አልቀረም። በ2013 የተጀመረው «ግሎባል ሊፕ» የተባለው ውድድር ከኤሌክትሪክ መስመር ውጪ ላሉ ቤቶች የሚሆኑ የኤልኢዲ መብራቶችን፣ ቴሌቪዥኖችን፣ በኋላም ማራገቢያዎችንና ማቀዝቀዣዎችን የሚያወዳድረው በቤተ ሙከራ ውጤት ነው። ከውድድርና ከፍተሻ አንዱን መምረጥ ግድ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

በኢትዮጵያ በኩል

የኢትዮጵያ ድርሻ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይሰፋል። በ2009 በብሪታንያ የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት ካገኙት አንዱ በኢትዮጵያ የሚሠራው የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ነበር። ፋውንዴሽኑ በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል የገጠር ከተማ ቤቶችን በሶላር ሲያበራ የአካባቢውን ወጣቶች በቴክኒሻንነት የሚያሠለጥን ትምህርት ቤትም እዚያው ከፈተ፤ ተጠቃሚዎቹ ለጥገና የሚሆን ወርኃዊ ክፍያ እንዲያዋጡም አደረገ። አሽደን የሚመዝነው ዕቃውን ለብቻው አይደለም፤ በሥራ ላይ ያለ አገልግሎትን ነው። መብራቱ ሲበላሽ ማን እንደሚመጣና በማን ገንዘብ እንደሚጠገን የሚጠይቅ ሽልማት መሆኑ ከብዙዎቹ ይለየዋል።

ሌላው ምሳሌ «ሊትል ሰን» ነው። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰንና መሐንዲሱ ፍሬደሪክ ኦተሰን የሠሩት ይህ ትንሽ የሶላር መብራት በሜይ 2012 በአዲስ አበባ በተካሄደው የዓለም ኢኮኖሚ መድረክ የአፍሪካ ስብሰባ ላይ ቀርቧል። ቢጫ ፊቱ ከአደይ አበባ የተወሰደ ነው። ሰው በአንገቱ ሊያንጠለጥለው የሚወደው ዕቃ መሆኑን አቃልዬ አላየውም፤ ድህነት ውስጥ ያለ ገዢ ውበት አይፈልግም ብሎ ማሰብ በንድፍ ሥራ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው።

የአገሪቱን ገበያ በስፋት የለወጠው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የብድርና የመስፈርት ጥምረት ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአስመጪዎች የቀረበው ብድር የላይቲንግ ግሎባልን (የላይቲንግ አፍሪካን ሥራ ወደ ሌሎች ክፍለ ዓለማት ያሰፋውን ፕሮግራም) የጥራት ፍተሻ ያለፉ ምርቶችን ብቻ የሚመለከት ነበር። በ2018 ይፋ የሆነ የዓለም ባንክ ጥናት 57 ከመቶ ገደማ የሚሆኑ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ቢያንስ አንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ እንዳላቸው፣ ከጠቅላላው ቤተሰቦችም 24 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ከመስመር ውጪ፣ በአብዛኛው በሶላር እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኩራዝ ከብዙ ቤት ወጥቷል ማለት ነው። ኩራዝ ከአንድ ሻማ የማይበልጥ ብርሃን እየሰጠ ቤቱን በጥቀርሻ የሚሞላ፣ ልጆችንም ለቃጠሎ የሚያጋልጥ ነገር በመሆኑ፣ ይህን ለውጥ እንደ ትንሽ ነገር ማየት አይገባም። በማርች 2019 የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም በ2025 መላውን ሕዝብ ተጠቃሚ ለማድረግ ሲያቅድ 35 ከመቶውን ከመስመር ውጪ ባለ ቴክኖሎጂ ለመድረስ ነበር ያሰበው።

ነገር ግን የመጀመሪያው ማዕበል ያመጣቸው መብራቶች አሁን እያረጁ ነው። ኤልኢዲው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ፓነሉም ይሠራል፤ የሚሞተው ባትሪው ነው። ዕቃው በማጣበቂያ ተዘግቶ ከተሠራ ጠጋኙ ሲከፍተው ይሰበራል፤ ባትሪው የተለየ መጠን ካለው ምትኩ በገበያ አይገኝም። ውኃና አቧራ እንዳይገባ ተብሎ የታሸገው ዕቃ በዚያው ምክንያት ለጥገና የማይመች ሆነ። የመስፈርቱ ጸሐፊዎች አቧራንና ዝናብን አስበዋል፤ መጀመሪያ ላይ ጠጋኙን ብዙም አላሰቡትም። የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርበት አገር ባትሪ ለውጦ መቀጠልና አዲስ ዕቃ ማስመጣት በዋጋ እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

የአሜሪካው ኢነርጂ ሚኒስቴር በ2021 ኤል ፕራይዝን እንደገና ሲከፍት፣ ለንግድ ሕንጻዎች በሚሆኑ መብራቶች ላይ ባተኮረውና በድምሩ 12.2 ሚሊዮን ዶላር በያዘው በዚህ ዙር፣ ምርቱ ከተሠራበት እስከሚወገድበት ያለው ዕድሜ፣ መፈታትና መጠገን መቻሉም ጭምር ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ከ2008ቱ መመዘኛ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። ሽልማቱንም በአንድ ጊዜ መክፈል ትቶ በሐሳብ፣ በናሙናና በምርት ደረጃ ከፋፍሎታል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ውድድር ቢዘጋጅ፣ ተማሪዎቻችንም የሌላ አገር ጥሪ ብቻ ከሚጠብቁ በራሳቸው አገር ጥያቄ ቢወዳደሩ፣ መመዘኛው ምን መያዝ እንዳለበት ከላይ የተቆጠረው ልምድ በበቂ ይናገራል። ብርሃኑ በቀን ቢያንስ 1,000 ሉመን ሰዓት (ለምሳሌ 100 ሉመን ለአሥር ሰዓት) ይሁን፤ ይህ የዓለም ባንክ የመጀመሪያ ደረጃ ብሎ ያስቀመጠው ልክ ነው። የሞባይል ስልክ ይሙላ። የችርቻሮ ዋጋው በብር ጣሪያ ተቀምጦለት ግዴታ እንጂ ምኞት አይሁን። በማንኛውም የወረዳ ከተማ የሚገኝ የሬዲዮና የሞባይል ጠጋኝ በተራ መፍቻ ከፍቶ ባትሪውን በገበያ ባለ ባትሪ መለወጥ ይቻለው፤ ይህም በዳኞች ፊት በእውነተኛ ጠጋኞች ይሞከር። ናሙናው ከአምራቹ እጅ ሳይሆን ከሱቅ መደርደሪያ ይገዛ። ሽልማቱም ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በዳኝነቱ ቀን፣ ግማሹ ደግሞ መብራቶቹ በተጠቃሚዎች ቤት ሁለት ክረምት አልፈው ከተቆጠሩና ከተለኩ በኋላ ይሰጥ።